«አሜን» ያልንለት ትንፋሽ

ስድስት ዓመት ሙሉ የምሠራው ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሠራሁ። ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ውስጥ ባለ አንድ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ ቆሜ፣ በሚተጣጠፍ የላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ ግራጫ ማያያዣ እገጥም ነበር። መግጠም፣ ማዞር፣ ሳብ አድርጎ መሞከር፣ ሳጥን ውስጥ መጣል። ቱቦው ለምን እንደሚያገለግል ሱፐርቫይዘሬን ስጠይቀው «ለመተንፈሻ» አለኝ። «ሰው ያለ ቱቦ ይተነፍስ የለም እንዴ?» ስለው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ ሄደ።

መሠረት እባላለሁ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ መሲ ይሉኛል። «አንቺ ልጅ፣ ነገር አታብዢ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ማብዛቴን ግን እስካሁን አልተውኩም። በሠላሳ ሰባት ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ ስለ መተንፈስና ስለ እንቅልፍ የሚያስተምር የመጀመሪያ ኮርስ ለመማር ኮሌጅ ገባሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ለተሻለ ሥራ ነው» እላለሁ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁና፣ የዚያን ቱቦ ሌላኛውን ጫፍ ለማየት ነበር።

ኮርሱ ደግሞ ጉድ ነው። አስተማሪያችን ብዙ ዓመት ሆስፒታል የሠራች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አንድ ቀን ስለ ጉሮሮ ስታስተምረን እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ እዚህ ጋ አጥንት የለም አለችን። የአየሩ መንገድ ለስላሳ ነው፤ ነቅተን ሳለን ጡንቻዎች ወጥረው ይይዙታል። ስንተኛ ጡንቻው ይላላል፣ ምላስም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አንዳንድ ሰው ላይ መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። አየሩ ሲቋረጥ አንጎል ደንግጦ ሰውዬውን ያባንነዋል፤ ሰውዬው ግን መባነኑን እንኳ ሳያውቅ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ነገር በአንድ ሌሊት ውስጥ እየደጋገመ ሊመጣ ይችላል። ስሙ ስሊፕ አፕኒያ ነው።

«ታዲያ ሰውዬው ተኝቷል ነው የሚባለው ወይስ አልተኛም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለችና ሆምወርክ ሰጠችን። የተኛ ሰው ለግማሽ ሰዓት ተመልከቱ፣ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ያያችሁትን ጻፉ። የተመለከታችሁት ሰው መፍቀዱን የሚፈርምበት መስመር ከወረቀቱ ግርጌ አለ። ማስረከቢያው ሰኞ ጠዋት ነበር።

ቀላል መስሎኝ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቤ ስቀመጥ አንድ ዓይኗን ከፍታ «ማሚ፣ ስቶፕ! ዊርድ ነው!» ብላ ብርድ ልብሱን ተከናነበች። ባሌ ከሁለተኛ ሺፍት መጥቶ ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ነው፤ ይተንፍስ አይተንፍስ የሚያውቀው ፈጣሪው ብቻ ነው። እንዲህ ስል ቅዳሜ ደረሰ፤ ወረቀቴም ባዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ብሩክሊን ፓርክ ውስጥ፣ ቀድሞ ቢሮ በነበረ ሕንፃ ነው የሚሰበሰበው። በወር አንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ጾም ጸሎት አለ። በዚያ ጸሎት ላይ ከሁሉ የሚከበሩት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ አንገታቸው አጠር ደንደን ያለ፣ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቫኑንም የሚነዱት እሳቸው ናቸው፤ መኪና የማይነዱ እናቶችን ከዉድበሪ ያመጣሉ፣ ይመልሳሉ። ወንድሜ ጋ ዉድበሪ የምትኖረው እናቴ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ናት።

ጋሽ ወርቁ ሲጸልዩ ድምፅ አያወጡም። ሦስተኛው መደዳ ላይ ይቀመጣሉ፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ ድንገት ከሆዳቸው ጥልቅ «ኽኽኽ... ሃ!» የሚል ትንፋሽ ይወጣል። ያኔ ከቫኑ እናቶች አንዷ የሆኑት እማማ ብርቄ «አሜን!» ይላሉ፤ እሳቸውን ተከትለን ሁላችንም። መንፈስ ሲጫናቸው ነው ይባል ነበር። ወጣት ሰባኪዎቻችን ሳይቀሩ «እንደ ጋሽ ወርቁ መቃተት ይስጠን» ብለው ሲጸልዩ ሰምቻለሁ። እኔም ስንት ጊዜ «አሜን» ብያለሁ።

የዚያን ቀን ከኋላቸው ነበር የተቀመጥኩት። ጸሎት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ መቆየት አልችልም፤ ይኼ የቆየ ጥፋቴ ነው። ሁሉም ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ የሰው ጫማ አያለሁ፣ የጣሪያውን ቀዳዳ እቆጥራለሁ። እንደዚያ ሲንከራተት ዓይኔ የጋሽ ወርቁ ትከሻ ላይ አረፈ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከዚያ ትከሻው ቀጥ አለ።

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አምስት ሰከንድ። አሥር። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ ስድስት። «ኽኽኽ... ሃ!»

«አሜን!» አሉ እማማ ብርቄ።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጻፍኩ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሃያ ሁለት ሰከንድ፣ «አሜን!»። እንደገና፤ ሠላሳ አንድ፣ «አሜን!»። አስተማሪያችን ያለችው ትዝ አለኝ። አየር ሲቋረጥ ደረቱም አብሮ ከቆመ፣ ከአንጎል ትእዛዝ አልመጣም ማለት ነው። ደረትና ሆድ እየታገሉ አየሩ ካልገባ ግን መንገዱ ተዘግቷል። ከኋላ ሆኖ ሆድ አይታይ! እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ ተንበርክኬ በመደዳው ጫፍ ዞርኩና በጎን በኩል አየኋቸው። አገጫቸው ሥር ሶፍት ይዘዋል። ሲተነፍሱ የሶፍቱ ጫፍ ይርገበገባል። ከዚያ ሶፍቱ ቀጥ አለ፤ በሹራባቸው ሥር ግን ሆዳቸው ይነሣል፣ ደረታቸው ይሰምጣል፣ ሆዳቸው ይነሣል፣ ደረታቸው ይሰምጣል። አየር የለም።

ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? መጽሐፍ ላይ ያየሁት ሥዕል ፊቴ ተቀምጦ፣ ሹራብ ለብሶ! ግማሽ ሰዓት ሞላሁ፣ ወረቀቱም ሞላ። ሽማግሌያችን እየጸለዩ ሳይሆን ተኝተው እየታነቁ እንደሆነ እያየሁ፣ እኔ በልቤ ለሰኞ ሆምወርኬ አመሰግን ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ተባረክን፣ ካፖርት መልበስ ተጀመረ። ጋሽ ወርቁ ፊታቸውን በመዳፋቸው አሹና ከኪሳቸው የቫኑን ቁልፍ አወጡ። ቁልፉ ሲቅጨለጨል ነው ደስታዬ ድንጋጤ የሆነው። እናቴ ሻሿን እያስተካከለች ከኋላቸው ቆማለች። ጸሎቱን ሁሉ እንዲህ የተኙ ሰው በቤታቸው ሌሊት አርፈው ያድራሉ ማለት አይደለም። እኚህ ሰው አሁን ስድስት እናቶች ጭነው ፍሪዌይ ሊወጡ ነው።

ተጠጋኋቸው። «ጋሼ፣ ዛሬ ቫኑን እኔ ድራይቭ ባደርገውስ?»

«ምነው መሲ፣ አርጅተዋል ልትዪኝ ነው?» አሉ። የቆመው ሁሉ ሳቀ።

«አይ ጋሼ፣ ደክሞዎት ከሆነ ብዬ ነው።»

«በጸሎት የቆየ ሰው ይታደሳል እንጂ ይደክመዋል እንዴ?»

«አሜን!» አሉ እማማ ብርቄ ጫማቸውን እያሰሩ።

ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ጋሼ፣ እርስዎ ተኝተው ነበር» ይባላል? ሽማግሌ ይታረማል? ይሉኝታ ያዘኝ። ሠላሳ አንድ ሰከንድ ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው፤ እኔ ግን አፌን ዘግቼ ከጋሽ ወርቁ አጠገብ የፊት ወንበር ላይ ወጣሁ። «እናቴ ጋ ልውል ነው፣ አብሬያችሁ ልሂድ» አልኩ። እያወራሁ ነቅተው እንዲቆዩ አደርጋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የየካቲት ፀሐይ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ትወጋለች። የቫኑ ማሞቂያ ሞቅ ያለ አየር ይነፋል። እናቶች ከኋላ መዝሙር ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሲክስ ናይንቲፎር የሚባለውን ፈጣን መንገድ ይዘን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ እኔ ጥያቄ አዘንብባቸዋለሁ። የልጅ ልጃቸውን ጠየቅኩ፣ ስለ ባለቤታቸው ስለ እትዬ ሙሉ ጠየቅኩ። መልሳቸው አጭር እየሆነ መጣ። ድልድዩ ሲታየኝ የሚያነቃቸውን አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሚሲሲፒ ግን ከየት ነው የሚነሣው?»

ፊታቸው በራ። ቀና ብለው ተቀመጡ። «ከዚሁ ከሚኒሶታ ነዋ! ሰሜን ላይ ካለች አንዲት ሐይቅ። እዚያ ጋ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥሽ ትሻገሪዋለሽ፣ ጉልበትሽም አይረጥብ። ተማሪዎቼን እዚያ ባደርሳቸው እንዴት ደስ ባለኝ! ከዚያ እየሰፋ፣ እየሰፋ... ወደ ደቡብ ሲወርድ... ወደ ደቡብ...»

ቀጣዩን ቃል ጠበቅኩ። ድልድዩን ጨርሰናል። ዞር ስል ዓይናቸው ግማሽ ክፍት ነው፣ እጃቸው መሪው ላይ ነው፣ አፋቸው «ደቡብ» ባለበት ቀርቷል። ሆዳቸው ይነሣል፣ ደረታቸው ይሰምጣል። ቫኑ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የቀኙ ጎማ ጠርዝ ላይ የደደረውን በረዶ ሲነካ ሁላችንም ተንቀጠቀጥን።

«ጋሼ!» ብዬ ጮኼ መሪውን ወደ ግራ ሳብኩ።

«ኽኽኽ... ሃ!»

«አሜን!» አሉ እማማ ብርቄ ከኋላ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

አላሳቀኝም። ያን ጊዜ አላሳቀኝም። ጋሽ ወርቁ መሪውን ጨብጠው፣ በሚቀጥለው መውጫ ወጥተው አንድ ነዳጅ ማደያ ጥግ አቆሙና ሞተሩን አጠፉ። ሰፈሩን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ ፋብሪካዬ ከዚያ ሩቅ አይደለም።

«ስንት ደቂቃ ነው የተኛሁት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ደቂቃ አይሞላም ጋሼ። ሰከንድ ነው።»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጸሎት ላይ ከኋላዎ ሆኜ ቆጥሬዎታለሁ። ይኼን ይዤ ነው ዝም ብዬ የወጣሁት። ቁልፉን መቀበል ነበረብኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አስተማሪ ፈተና ሲያርም እንደሚያነብ በጣታቸው እየተከተሉ ነው ያነበቡት። ሲጨርሱ መነጽሩን አወለቁ።

«እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ መሲ። ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ‹ጌታ ሆይ› እላለሁ፤ ቀጥሎ የምሰማው አሜናችሁን ነው። መሃሉን አላውቀውም። መጀመሪያ ልናገር አስቤ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ‹ጋሽ ወርቁ ይጸልዩልን› ማለት ጀመረ። እንዴት ብዬ ነው ‹እኔኮ ተኝቼ ነበር› የምለው? ባለቤቴ ሙሉ በየሌሊቱ ታንኮራፋለህ ትለኛለች። የሚያንኮራፋ ሰው ደህና ተኝቷል ማለት ነው እላታለሁ። ልቤ ከእግዚአብሔር ርቆ ነው እንጂ ጸሎት ላይ እንቅልፍ ምን ያመጣዋል ብዬ... ለብቻዬ ስንት አልቅሻለሁ።»

እናቶቹ ሁሉ ነቅተው ነበር፤ ሁሉም ሰምተዋል። የጋሽ ወርቁ አንገት ትከሻቸው ውስጥ ሲገባ አየሁ።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት። «ወርቁ» አለች፤ በዕድሜ ስለምትበልጣቸው በስማቸው ነው የምትጠራቸው። «የመሲ አባትም እንዲህ ነበር። ሲያንኮራፋ፣ ሲያንኮራፋ ይቆይና ጸጥ ይላል። እኔ ደግሞ ‹ተመስገን፣ አሁን አረፈ› ብዬ እተኛ ነበር።»

አባቴ በሃምሳ አራት ዓመቱ ተኝቶ ሳይነቃ ነው የቀረው። ማንም አልመረመረው፤ ስለዚህ የገደለው ይኼ ነበር ማለት አልችልም፣ አልልምም። ግን ያን ቃል ከእናቴ አፍ ስሰማ የወንበሬን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ።

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «በይ አሳዪኝ። እንዴት ነው የሚዘጋው?»

የስምንት ሰው ትንፋሽ የቫኑን መስኮት አልብሶታል። በጣቴ የሰው ጭንቅላት በጎን በኩል ሣልኩ፤ አፍንጫ፣ ምላስ፣ የአየር መንገድ። ነቅቶ ሲሆን እንዲህ ነው አልኩ። ሲተኛ ምላሱ እንዲህ ይወርዳል፣ መንገዱ እዚህ ጋ ይዘጋል። እናቶቹ ለማየት አንዳቸው በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠራሩ።

«ደረቱ ለምን አያቆምም ታዲያ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ደረቱ መዘጋቱን አያውቅም ጋሼ። አየር አምጣ የሚለው ትእዛዝ እየመጣለት ነው፤ መሳቡን ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ አንጎል ሰውዬውን ያነቃዋል፤ ያ ‹ሃ!› የሚሉት ያኔ ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«እርስዎ ላይ በግማሽ ሰዓት የቆጠርኩት ወረቀቱ ላይ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስንት እንደሆነ ሐኪም ነው የሚለካው።»

«ስለዚህ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቼም አልተኛሁም።»

ክፍል ውስጥ ለጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነዳጅ ማደያ ውስጥ መጣልኝ። «አልተኙም ጋሼ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ ከጌታ ስለራቁም አይደለም። እንቅልፍ ስላጡ ነው።»

ዓይናቸውን በሶፍቱ ጠረጉ። እማማ ብርቄ ከኋላ «እኔን! እኔ ደግሞ በየመሃሉ አሜን እያልኩ እቀሰቅስሃለሁ!» ሲሉ ነው መጀመሪያ ጋሽ ወርቁ፣ ቀጥሎ ሁላችን በሳቅ የፈነዳነው። እኔ እየሳቅኩ እያለቀስኩ ነበር።

ጋሽ ወርቁ የቫኑን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩ። ከመውረዳቸው በፊት ግን ወረቀቱን ጠቆሙኝ። «ያለ ፈቃድ ነው የቆጠርሽኝ። በእኔ ክፍል ብትሆኚ ዜሮ ነበር የምትወስጂው።» ከግርጌው መስመር ላይ በሚያምር ያስተማሪ ጽሑፍ ፈረሙ። ቦታ ተቀያይረን እስከ ዉድበሪ ነዳሁ፤ እሳቸውም አጠገቤ ሆነው «ቀስ፣ ቀስ፣ መስታወት እዪ» እያሉ አደረሱኝ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሙሉ ይዘዋቸው ሐኪም ጋ ሄዱ። ተመረመሩ፤ ስሊፕ አፕኒያ ነው ተባሉ። ሌሊት አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያቆይ ማሽን ተሰጣቸው። ማሽኑ በመጣ በማግስቱ ስልክ ደወሉልኝ።

«መሲ፣ እዚህ ቱቦው ጫፍ ላይ ግራጫ ነገር አለ። ያንቺ እጅ ነው እንዴ?»

«ሊሆን ይችላል ጋሼ። ፋብሪካው ብዙ ነው፣ አላውቅም።»

«ያንቺ ነው ብዬ ነው የምተኛው» አሉ።

ሐኪማቸው እስኪፈቅድላቸው ድረስ ቫኑን አልነኩም። እሑድ ምስክርነት ሲሰጥ ተነሥተው፣ ማይኩን ይዘው «ሁለት ዓመት አሜን ያላችሁት ለጸሎቴ አልነበረም» ብለው ነገሩን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ስብሰባው ሲያልቅ ፓርኪንግ ላይ ሦስት ወንዶች፣ ሁለቱ ከሚስቶቻቸው ጋር፣ ጋሽ ወርቁን ከበው በሹክሹክታ ሲጠይቋቸው አየሁ።

እኔ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ቀጥዬ ዛሬ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነኝ። የዚያ ቀን ነገር ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። ጉጉት ያለው ሰው ደፋር ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ዓይኔ ሁሉን ሲያይ አንደበቴ ታስሮ እናቴን ለሞት አሳፍሬ ነበር። ሰው ፊት ማዋረድ ባልፈልግ እንኳ፣ ጥግ ወስጄ «ጋሼ፣ ለሆምወርኬ ልቁጠርዎት፣ ይፈቅዱልኛል?» ማለት እችል ነበር። አስተማሪ የነበረ ሰው ተማሪን እምቢ አይልም። እናንተም ቤታችሁ የሚያንኮራፋና መሃል ላይ ጸጥ የሚል ሰው ካለ፣ ጸጥታውን ዕረፍት ነው ብላችሁ ተመልሳችሁ አትተኙ። ስሙት። ጠዋት ደግሞ ንገሩት፤ ቢቆጣችሁም ንገሩት።

ባለፈው የጾም ጸሎት ቅዳሜ ከጋሽ ወርቁ ኋላ ተቀመጥኩ። አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ልማድ ሆኖብኝ ትከሻቸውን መቁጠር ጀመርኩ። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። አንድም ጊዜ አልቆመም። እማማ ብርቄ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አንዴ ጋሽ ወርቁን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ከዚያ ጋሽ ወርቁ በዝቅተኛ ድምፅ መጸለይ ጀመሩ። የጸሎታቸውን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የቫኑን እናቶች ስድስቱንም አንድ በአንድ በስማቸው ጠሩ። የእናቴን ስም ሲጠሩ መቁጠሬን ትቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አሜን» አልኩ። እማማ ብርቄን የቀደምኳቸው ያን ቀን ብቻ ነው።